ሩቁ ክላስተር፣ ደካማው መስመር፦ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ሲታይ

በደቡብ ጎንደር የሚገኘው የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ከአናቱ ተነስቶ በእስቴ ወይም በስማዳ በኩል ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ውርጩን፣ ደጋውንና ወይና ደጋውን አልፎ ቆላ ይገባል። ከላይ ገብስና ድንች፣ ከመካከል ጤፍ፣ ከታች ማሽላ ይበቅላል። ዝናቡም ከፍታውን ተከትሎ ይለያያል፤ የላይ ጋይንቷን ነፋስ መውጫን ያራሰ ደመና የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ወይም የስማዳዋ ወገዳ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከሴፍቲኔት ፕሮግራም ጋር ስማቸው ለዓመታት ሲነሳ የኖረው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህን ምድር ዝናብ ማጥናት የሚፈልግ ተመራማሪ መረጃ አያጣም። ቺርፕስ የሚባለው የዝናብ መረጃ ስብስብ እ.ኤ.አ. ከ1981 ወዲህ የጣለውን ዝናብ በየ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፋፍሎ በነፃ ያቀርባል። ኢአርኤ5 የተባለው የአውሮፓ የአየር ሁኔታ መዝገብ ደግሞ ከ1940 ይጀምራል። ነገር ግን የዚህኛው አንድ የመረጃ ሳጥን 31 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ስላለው የጉናን አናትና ከሥሩ ያለውን ቆላ በአንድ ቁጥር ጠቅልሎ ያልፋቸዋል። ተራራውን ከሸለቆው ለመለየት የአየር ሁኔታ ሞዴሉን ራሱን ጠበብ ባሉ ሳጥኖች ማስኬድ ይጠይቃል። ሒሳቡ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የሳጥኑ ስፋት ከ27 ኪሎ ሜትር ወደ 3 ሲወርድ የሳጥኖቹ ብዛት በርዝመትም በወርድም 9 እጥፍ ይሆናል፤ ሞዴሉ በጊዜ ውስጥ የሚራመድበት እርምጃም በዚያው ልክ ማጠር አለበት። 9 በ9፣ እንደገና በ9 ሲባዛ 729 ነው። ላፕቶፕ በአንድ ሰዓት ይጨርሰው የነበረው ሥራ ሌት ተቀን ሳያርፍ አንድ ወር ይፈጅበታል ማለት ነው።

ስለዚህ ክላስተር ያስፈልጋል፤ ይኸውም በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች በፈጣን መስመር ተያይዘው አንዱን ሥራ የሚካፈሉበት ማሽን ነው። እንዲህ ያለው ማሽን ዋጋው ውድ፣ የመብራት ፍጆታው ከባድ፣ ጠባቂ ባለሙያ የሚፈልግ በመሆኑ ተመራማሪው ካለበት ርቆ ይቀመጣል። በዓለም ላይ ያለው አብዛኛው ተጠቃሚም ማሽኑን ዓይቶት አያውቅም። ከግል ኮምፒውተሩ ተነስቶ በኔትወርክ ይገባል፣ ሥራውን ያስረክባል፣ ይወጣል።

ጥያቄው በዚህ መግቢያ በር ላይ ነው። ስለ ርቀት ምርምር ሲነሳ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የምንሰማው ዘወትር የኢንተርኔት ፍጥነት ጉዳይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግን ሌላ ነው፦ ወደ ሩቅ ክላስተር ለመግባት ሰፊ መስመር የግድ አይደለም፤ የግዱ በራስ ስም የተያዘ ቁልፍና መቋረጥን አስቀድሞ ያሰበ አሠራር ነው። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም የስሌት ማዕከሎች በር ላይ የመጣው ለውጥ ደግሞ ይህን ጉዳይ ከቴክኒክ ምክርነት አውጥቶ የተቋም ኃላፊነት አድርጎታል።

ማሽኖቹና መንገዶቹ

ከፍተኛ ስሌት ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። የፓኪስታኑ የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሰላም በ1964 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ትሪየስቴ ያቋቋሙት ዓለም አቀፍ የቲዎሪቲካል ፊዚክስ ማዕከል ብዙ ኢትዮጵያውያን የፊዚክስ ሊቃውንትን ተቀብሎ አስተምሯል፤ ከእነዚህ መካከል በማዕከሉ ክላስተሮች የሠሩ አሉ። የቁስ አካላትን ባሕርይ በኮምፒውተር ስሌት የሚያጠኑ አፍሪካውያን ወጣቶች የሚሠለጥኑበት አሴስማ የተባለው ተዘዋዋሪ ትምህርት ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. የተካሄደው አዲስ አበባ ላይ ነው። ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም ከባድ ስሌት የሚጠይቁ የአማርኛ ቋንቋ ሞዴሎችን አሠልጥነዋል። በአህጉራችን ስሙ ቀድሞ የሚጠራው ኬፕታውን የሚገኘው የደቡብ አፍሪካ የከፍተኛ ስሌት ማዕከል ሲሆን፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ለንጋው የተባለ ክላስተሩ በሰከንድ ከ1,000 ትሪሊዮን በላይ ስሌት የመሥራት አቅም ይዞ ተመርቋል።

ደቡብ ጎንደርም የራሱ የጥናት ቤት አለው። በ2004 ዓ.ም. የተመሠረተው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ጉና ጣና የተባለ የተቀናጀ የመስክ ምርምርና ልማት ማዕከል አቋቁሟል፤ ከጉና ተነስተው ጣና የሚገቡት ርብና ጉማራ፣ የሚሸረሸረው አፈር፣ የሚለወጠው የመሬት ሽፋን ሁሉም ስሌት የሚጠይቁ ጉዳዮች ናቸው። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች ለድኅረ ምረቃ የሚሄዱት በአብዛኛው ወደዚሁ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ነው። የሀገሪቱን ዩኒቨርሲቲዎች እርስ በርስ ለማገናኘት የተዘረጋው የኢትዮጵያ ትምህርትና ምርምር ኔትወርክም ኡቡንቱኔት አሊያንስ በተባለው የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ ጥምረት አባል ነው። መንገዱ በካርታ ላይ አለ ማለት ነው። ችግሩ ከካርታው በኋላ ይጀምራል፦ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው መስመር ነፋስ መውጫ ወይም የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ቤተሰቡ ዘንድ ክረምቱን ለሚያሳልፍ ተማሪ አይደርሰውም። እሱ ያለው ላፕቶፕ፣ የሞባይል ዳታና የሚቆራረጥ መብራት ነው።

ደካማ መስመር የሚችለው ሥራ

ከግል ኮምፒውተር ወደ ሩቅ ክላስተር የሚያስገባው ዋናው መንገድ ኤስኤስኤች ይባላል። የተወለደው በስርቆት ምክንያት ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ አንድ ሰላይ ፕሮግራም ተጭኖ የሚያልፈውን ፓስዎርድ ሁሉ ሲለቅም ተገኘ። ያን ጊዜ ሰው ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር የሚገናኝበት ቴልኔት ፓስዎርዱን ያለምንም ሽፋን በመስመሩ ላይ ይልከው ስለነበር መልቀሙ አላስቸገረም። በዩኒቨርሲቲው ይሠራ የነበረው ታቱ ኢሎነን በዚያው ዓመት ግንኙነቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያመሰጥር ፕሮግራም ጽፎ በነፃ አሠራጨ። መግቢያውንም የኤፍቲፒ ከሆነው 21 እና የቴልኔት ከሆነው 23 መካከል አስገብቶ 22 ቁጥርን ጠየቀለት፤ ተሰጠውም። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ኦፕንኤስኤስኤች በ1999 እ.ኤ.አ. ወጣ። ዊንዶውስ 10 ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፕሮግራሙን አብሮ ይዞ ስለሚመጣ ተማሪው ተርሚናሉን ከፍቶ አንድ መስመር ትእዛዝ መጻፍ ብቻ ይበቃዋል።

ለእኛ ሁኔታ ትልቁ ቁም ነገር በዚህ መስመር የሚያልፈው ጽሑፍ መሆኑ ነው። ተጠቃሚው ትእዛዝ ይጽፋል፣ ክላስተሩ በጽሑፍ ይመልሳል። አንድ የቪዲዮ ጥሪ በደቂቃ የሚበላው ዳታ ለረጅም ሰዓት የኤስኤስኤች ሥራ ይተርፋል። ቴሌግራም ላይ መልእክት ማስተላለፍ የቻለ ኔትወርክ ለዚህም አያንስም።

ሁለተኛው ቁም ነገር ሥራው መስመሩን ይዞ የማይቆይ መሆኑ ነው። በክላስተር ላይ ማንም ሰው እንደገባ ስሌቱን አይጀምርም። ስንት ኮምፒውተር፣ ለስንት ሰዓት፣ የትኛውን ፕሮግራም እንደሚፈልግ የሚገልጽ አጭር ፋይል ጽፎ ለወረፋ አስተናባሪው ያስረክባል፤ ከእነዚህ አስተናባሪዎች እውቁ ስለርም ይባላል። ከዚያ በኋላ ተማሪው ላፕቶፑን ቢዘጋ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ቢቋረጥ ሥራው ኬፕታውን ወይም ትሪየስቴ ላይ ተራውን ጠብቆ ይሠራል። በማግስቱ መስመር ሲገኝ ውጤቱን ማየት ነው። ከቤት ሆኖ በላፕቶፕ ወር ሙሉ ሞዴል ከማስኬድ ጋር ሲነጻጸር መብራት በሚቆራረጥበት አገር የበለጠ የሚያስተማምነው የሩቁ ማሽን ነው።

እርግጥ መቋረጡ ራሱ ዘዴ ይፈልጋል። በሞባይል ኔትወርክ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ያለ ግንኙነት ሳይነገረው ይቆረጣል፤ ኮምፒውተሩ በየደቂቃው ትንሽ ምልክት እንዲልክ ማዘዝ ያድናል። ቲመክስ የተባለው ፕሮግራም ክላስተሩ ላይ ከተከፈተ መስመሩ ቢቆረጥ እንኳ የተጀመረው ገጽ እዚያው ይቆያል፤ ተመልሶ መያያዝ ይቻላል። ፋይል ሲላክም አርሲንክን በአግባቡ አዝዞ መጠቀም 80 በመቶ ላይ የተቋረጠን ፋይል ካቆመበት ያስቀጥላል። ከሁሉም በላይ ግን ዳታውን ወደ ቤት ላለማምጣት መወሰን ይበልጣል። የ40 ዓመቱ የዝናብ መረጃ ከምንጩ በቀጥታ ወደ ክላስተሩ ይወርዳል፣ እዚያው ይሰላል፤ ወደ ነፋስ መውጫ የሚመጣው የመጨረሻው ካርታና ሠንጠረዥ ብቻ ነው።

በሩ የጠበቀበት ምክንያት

የመስመሩ ነገር ይህን ያህል ከቀለለ ቀሪው ጥያቄ የሚገባው ማን ነው የሚለው ነው። ኤስኤስኤች ለዚህ ሁለት ዋና ዋና መንገዶች ያውቃል። አንደኛው ፓስዎርድ ነው። ሁለተኛው ጥንድ ቁልፍ ነው፦ ተጠቃሚው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ፋይሎች ያመነጫል፤ ይፋዊው ቁልፍ ወደ ክላስተሩ ይላካል፣ የግሉ ከላፕቶፑ አይወጣም። ጓጉንቸሩን ለፈለጉት ሰጥቶ መክፈቻውን ኪስ ውስጥ እንደማስቀረት ነው። ሊገባ ሲል ላፕቶፑ በግል ቁልፉ ፊርማ ያኖራል፤ ክላስተሩ በይፋዊው ቁልፍ ፊርማውን ያረጋግጣል። በመስመሩ ላይ የሚሰረቅ ምስጢር አያልፍም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. ተፈተነ። ኤዲንብራ ይገኝ የነበረው የብሪታንያ ብሔራዊ ሱፐርኮምፒውተር አርቸር ግንቦት 11 ተዘጋ። በዚያው ሰሞን በጀርመን የሽቱትጋርት፣ የካርልስሩሄ፣ የኡልም፣ የቱቢንገንና የዩሊኽ ማሽኖች በራቸውን ዘጉ፤ የስዊዘርላንዱ ብሔራዊ ማዕከልም ተከተለ። ሰርጎ ገቦቹ ምስጠራውን አልሰበሩም። የተመራማሪዎችን የመግቢያ መረጃ ሰርቀው በሕጋዊው በር ገቡ፤ በተወሰኑት ማሽኖች ላይ ክሪፕቶ ከረንሲ የሚያመርት ፕሮግራም ተክለው ተገኙ። ተመራማሪ አንድ ማዕከል ላይ ብቻ ስለማይሠራ ከአንዱ የተሰረቀው መረጃ ሌላውን ከፈተ። አርቸር ሲመለስ የሁሉም ተጠቃሚ ፓስዎርድና ቁልፍ ተሽሮ በአዲስ ተተክቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሩ ጠበቀ። የፊንላንዱ ሱፐርኮምፒውተር ሉሚ በፓስዎርድ አያስገባም፤ ቁልፍ ግዴታ ነው። የጣሊያኑ የስሌት ማዕከል ቺኔካ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጠይቃል። የስዊዘርላንዱ ማዕከል ከዚህም አልፎ ቁልፉን የሚያገለግለው ለ24 ሰዓት ብቻ አድርጎታል፤ ተጠቃሚው በየቀኑ ማንነቱን በሁለት መንገድ አረጋግጦ አዲስ ማስፈረም አለበት። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የተሰረቀ ቁልፍ በማግስቱ ዋጋ የለውም።

ነገር ግን እነዚህ ሕጎች የወጡት መስመር በማይቋረጥበት ቢሮ የሚሠራን ሰው አስበው ነው። ከደብረ ታቦር ምሥራቅ ሆኖ ለሚገባ ሰው እያንዳንዱ ተጨማሪ በር ተጨማሪ የመቋረጫ ቦታ ነው። ማረጋገጫው በኤስኤምኤስ የሚመጣ ከሆነ ከውጭ አገር የተላከው ኮድ ጊዜው ካለፈ በኋላ ሊደርስ ይችላል። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ኒስትም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በኤስኤምኤስ የሚላክን ኮድ ሲም በማጭበርበር ሊጠለፍ ስለሚችል በገደብ የሚሠራበት ብሎ መድቦታል። የሚሻለው ስልኩ ራሱ የሚያመነጨው ኮድ ነው። ይህ አፕ በምዝገባው ቀን የተቀበለውን ምስጢርና ሰዓቱን አጋጭቶ በየ30 ሰከንዱ ስድስት አሃዝ ያወጣል፤ ለዚህ ኔትወርክም ሲምም አይፈልግም። ጉና ሥር ምንም ኔትወርክ በሌለበትም ኮዱ ትክክል ነው።

አንድ የአገር ቤት ወጥመድ ግን አለው። ኮዱ የሚሰላው ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተቆጠረ ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ስልኩ እንደ እኛ አቆጣጠር ጧት ሁለት ሰዓት እንዲል በእጁ ሰዓቱን በስድስት ሰዓት ያዞረ ሰው የሚያገኘው ኮድ ሁሉ ውድቅ ነው። ባትሪው የሞተ አሮጌ ላፕቶፕም መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል፤ ያን ጊዜ ትክክለኛው የዲጂታል ምስክር ወረቀት ሳይቀር ገና ያልተጀመረ ወይም ያለፈበት መስሎ ይታያል። ተጠቃሚው ተጠለፍኩ ብሎ ይደነግጣል፣ ወይም ማዕከሉን ይወቅሳል። መፍትሔው የስልኩን ሰዓት በራሱ እንዲስተካከል ትቶ የአገሩን ሰዓት ከእጅ ሰዓት ማንበብ ነው። ከውጭ የተጻፈ መመሪያ ይህን አይነግረውም፤ ሊነግረው የሚችለው እዚሁ ያለ ባለሙያ ነው።

ቁልፍ ማዋስ

የጥበቃው ደካማ ጎን ከቴክኒኩ ይልቅ በልማዱ ላይ ነው። ውጭ አገር ዶክትሬቱን የሚሠራ ሰው የክላስተር መግቢያ አለው፤ አገር ቤት የቀረው ጓደኛው የለውም። ጓደኛው ይለምናል፣ እሱም እምቢ ማለት ይከብደዋል። የግል ቁልፉ በቴሌግራም ይላካል፤ የተላከው ፋይል በሁለቱም ስልክ፣ በቢሮው ኮምፒውተርና ማን እንደሚገባበት በማይታወቅ አካውንት ውስጥ ይቀመጣል። ወይም ደግሞ አንድ የጥናት ቡድን በአንድ ስምና ሁሉም በሚያውቀው ፓስዎርድ ይገባል፤ ከሦስት ዓመት በፊት ተመርቆ የወጣውም አሁንም ሊገባ ይችላል። ወይም ቁልፉ በፍላሽ ተገልብጦ ከኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል። ፍላሽ በየቢሮው ቫይረስ ሲያዛምት እንደኖረ የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ የለም።

ይህን እንደ አላዋቂነት መቁጠር ይቀላል፤ ግን ትክክል አይደለም። ሰዎች ቁልፍ የሚያዋውሱት በራሳቸው ስም የሚያገኙበት መንገድ ሲጠፋ ነው። ብዙ ማዕከሎች አመልካቹ የተቋም ኢሜይልና ኃላፊነት የሚወስድ ዋና ተመራማሪ እንዲኖረው ይጠይቃሉ። ዩኒቨርሲቲው ለተማሪው የሚሠራ ኢሜይል ካልሰጠው፣ ማመልከቻውን የሚፈርምለት ክፍል ካላዘጋጀ፣ ተማሪው በጓደኛው ስም ይገባል። ጥፋቱ የግለሰብ ይምሰል እንጂ ሥሩ የአሠራር ክፍተት ነው።

ክፍተቱ ግን ዋጋው ቀላል አይደለም። የ2020ው ጥቃት ያሳየው የአንድ ሰው ቁልፍ ብዙ አገር እንደሚከፍት ነው። ከኢትዮጵያ የወጣ ቁልፍ ለጥቃት ቢውል የሚዘጋው የባለቤቱ አካውንት ብቻ አይሆንም፤ ከዚያ ተቋም የሚመጣ ማመልከቻ ሁሉ በጥርጣሬ ይታያል። በሕግ በኩልም በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን በወንጀልነት ደንግጓል፤ መግቢያ ቁልፍንና የይለፍ ቃልን ያለፈቃድ ለሌላ አሳልፎ መስጠትንም ይመለከታል። ጓደኛውን ለመርዳት ያሰበ ሰው በዚህ ዓይን ሊታይ እንደሚችል የሚነግረው የለም።

የመጀመሪያው ቀን ጥያቄም የሚታለፍ አይደለም። ላፕቶፑ ክላስተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያገኝ የማሽኑን የጣት አሻራ አሳይቶ ትቀጥላለህ ወይ ይላል። አብዛኛው ሰው ሳያነብ አዎን ይላል። ያች አንዲት መልስ ግን የወደፊቱ ጥበቃ ሁሉ መሠረት ናት፤ በመሃል የገባ አጭበርባሪ ማሽን ካለ መታወቅ ያለበት በዚያች ሰዓት ነው። ማዕከሎቹ ትክክለኛውን አሻራ በይፋ ስለሚያወጡ ማስተያየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከወራት በኋላም የማሽኑ ማንነት ተለውጧል የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ የድሮውን አሻራ ሰርዞ ማለፍ ሳይሆን ማዕከሉን መጠየቅ ነው ደንቡ።

መስመሩ ጨርሶ ሲዘጋ

እስካሁን የተነሳው የሚቆራረጥ መስመር ነው። አማራ ክልል ግን ከዚህ የከፋውን አይቷል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት እስከ ላይ ጋይንት ደርሶ ነበር። ከዚያም ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልሉ ጉዳይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በተወሰኑ ዋና ዋና ከተሞች የተመለሰው ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ ነው። በዚህ መካከል የተጎዳው ንግዱና ቤተሰቡ፣ ሕክምናውና ትምህርቱ መሆኑ ብዙ ተብሎበታል። ስለ ሩቅ ስሌት ግን እምብዛም አልተነገረም።

ክላስተሩ ላይ የሚሆነው እንዲህ ነው። የተረከበው ሥራ ይጠናቀቃል፤ ውጤቱም ጊዜያዊ ማከማቻ ላይ ይቀመጣል። በብዙ ማዕከሎች ደንብ ግን በጊዜያዊ ማከማቻ ላይ ለሳምንታት ወይም ለጥቂት ወራት ያልተነካ ፋይል በራሱ ይሰረዛል። ለፕሮጀክቱ የተፈቀደው የስሌት ሰዓት ቀኑ ሲያልፍ ይቃጠላል። አጭር ዕድሜ ያለው ቁልፍ ያልቃል፤ ለረጅም ጊዜ ያልተገባበት አካውንት ይታገዳል። መስመሩ ከወራት በኋላ ሲመለስ ተመራማሪው የሚያገኘው የተዘጋ በርና የጠፋ ውጤት ነው። በማሽኑ ላይ አንዳች ብልሽት አልደረሰም፤ ሁሉም ነገር በደንቡ መሠረት ሆነ። ደንቡ ግን እንዲህ ያለ ዝምታ ያጋጥማል ብሎ አልተጻፈም።

ስለዚህ የመስመር መዘጋትን ያላሰበ የደኅንነት ደንብ ለዚህ አካባቢ ግማሽ ደንብ ነው። ሥራ ሲያስረክቡ ስሌቱ ካለቀ በኋላ ውጤቱ በራሱ ወደ ቋሚ ማከማቻ እንዲገለበጥ በዚያው ፋይል ውስጥ ማዘዝ ይቻላል። መስመሩ ያልተዘጋበት ቦታ ያለ ኃላፊ፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያለ አማካሪ፣ በራሱ ስምና በራሱ ቁልፍ የፕሮጀክቱን ማኅደር ማየት እንዲችል በቡድን መፍቀድም ይቻላል። ይህ ቁልፍ ከማዋስ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ እያንዳንዱ በየስሙ ይገባል፣ የገባውም ይመዘገባል።

አሳሽ ይበቃል ለሚሉ

አንድ ክርክር አለ፦ ይህ ሁሉ የተርሚናል ጣጣ ቀርቶ ዘመኑ የድረ ገጽ አይደለም ወይ? እውነት ነው፤ በኦሃዮ የሱፐርኮምፒውተር ማዕከል የተሠራው ኦፕን ኦንዲማንድ ክላስተር በአሳሽ (ብራውዘር) በኩል እንዲከፈት አድርጓል፤ የጉግል ኮላብም ለብዙ የኢትዮጵያ ተማሪ የመጀመሪያው የሩቅ ማሽን ነው። ለጀማሪ ይቀላል፣ ቁልፍ ማመንጨትም አይጠይቅም።

ነገር ግን ገጹን ለመክፈት ብቻ የሚያልፈው ዳታ በኤስኤስኤች ለሙሉ ቀን ሥራ ከሚያልፈው ሊበልጥ ይችላል። ነፃው ኮላብ መስመሩ ተቋርጦ ለጥቂት ጊዜ ዝም ከተባለ ማሽኑን መልሶ ይወስዳል፣ ያልተቀመጠው ሥራም ይጠፋል። ለተቆራረጠ መስመር የሚስማማው ሥራን አስረክቦ መሄድ ነው፤ ተቀምጦ ማየት አይደለም። አሳሹ መግቢያ ይሁን፤ የጋይንትና የስማዳ ተመራማሪ የሚኖርበት ቤት ግን ተርሚናሉ ነው።

የተቋሙ ድርሻ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የማመልከቻው ቀን ሲደርስ የሚፈለግ ቁልፍም እንዲሁ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ሊያደርጉት የሚገባው ከፍተኛ በጀት የሚጠይቅ አይደለም።

መጀመሪያ፣ ለእያንዳንዱ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በስሙ የሚሠራ የተቋም ኢሜይል መስጠትና በውጭ ማዕከሎች ዘንድ ማመልከቻውን የሚፈርም አንድ ክፍል መሰየም ነው። ይህ የመዋዋሱን ምክንያት ከሥሩ ይነቅለዋል። ሁለተኛ፣ በግቢው ውስጥ አንዲት የመሸጋገሪያ ሰርቨር ማቆም። ተማሪው ከቤቱ ወደዚች ይገባል፤ ከዚች አልፎ ወደ ክላስተሩ ይሸጋገራል። በሞባይል ኔትወርክ ብዙ ደንበኞች አንድ የውጭ አድራሻ ስለሚጋሩ የአንዱ ኮምፒውተር ቫይረስ የሌሎቹን መግቢያ ሊያሳግድ ይችላል፤ የሩቁ ማዕከል የሚያውቀው የዩኒቨርሲቲው ቋሚ አድራሻ ሲሆን ግን ይህ ይቀራል። መሸጋገሪያዋ ላይ የግል ቁልፍ ማስቀመጥ አያስፈልግም፤ ኦፕንኤስኤስኤች በመካከል ያለውን ማሽን አልፎ ፊርማውን ከላፕቶፑ የሚያኖርበት አሠራር አለው። ያለዚያ መሸጋገሪያዋ ራሷ የቁልፍ መጋዘን ትሆናለች፤ ሌባም የሚፈልገው መጋዘን ነው።

ሦስተኛ፣ ሥልጠናው በአማርኛና በአካባቢው ሁኔታ መሆን አለበት። ቁልፍን በራስ ኮምፒውተር ማመንጨት፣ በይለፍ ሐረግ መቆለፍ፣ ላፕቶፕ ከተሰረቀ በዚያው ቀን ማሳወቅ፣ የስልክን ሰዓት አለማዞር፣ ሥራን አስረክቦ መውጣት፦ እነዚህ በሁለት ቀን የሚማሩ ናቸው። አራተኛ፣ ከማዕከሎቹ ጋር ሲዋዋሉ ስለ ረጅም መቋረጥ አስቀድሞ መነጋገር ነው። በይፋ በታወቀ የመስመር መዘጋት ጊዜ ፋይል እንዳይሰረዝ፣ የስሌት ሰዓትም እንዲራዘም መጠየቅ ልመና አይደለም፤ ማዕከሉ ተጠቃሚውን እስካላወቀው ድረስ ግን በራሱ አያስበውም።

የኢንተርኔት ፍጥነት ጥያቄ በዚህ አይቀርም፤ ነፋስ መውጫም ወገዳም ጥሩ መስመር ይገባቸዋል። ነገር ግን አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሩቅ ስሌት መዘጋጀቱን ለማወቅ የሚጠቅመው መለኪያ የሜጋቢት ቁጥር አይደለም። ስንት የድኅረ ምረቃ ተማሪ በራሱ ስም ቁልፍ አለው? ተማሪው ተመርቆ ሲወጣ ያን ቁልፍ የሚሽረው ማን ነው? መስመሩ ለሦስት ወር ቢዘጋ ውጤቱን የሚያወጣው ማን ነው? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የሰው ስም ጠርቶ የሚመልስ ተቋም በደካማ መስመርም ይሠራል፤ መመለስ የማይችል ግን ፋይበር ኦፕቲክ በሩ ድረስ ቢመጣለትም ተማሪዎቹ በሰው ቁልፍ መግባታቸውን አይተዉም።